ሳይንቀጠቀጥ የሚወድቀው ልጅ

በዚህ እትም የምናነሣው ርዕስ በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚወራ፣ በብዙ ጉባኤ ደግሞ በተሳሳተ ስም የሚጠራ ነው። ስለሚጥል በሽታ እንነጋገራለን። ሰውነትን የሚያንቀጠቅጠውንና አረፋ የሚያስደፍቀውን ዓይነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ በተለይ የምናየው በጸጥታ የሚጥለውን፣ እናትም አባትም መምህርም በሽታ መሆኑን ሳይጠረጥሩ ዓመታት የሚያልፉበትን ሌላውን ዓይነት ነው።

እስቲ በሐሳባችን ወደ አንድ ቤት እንግባ። ቤቱ ሐዋሳ፣ ቡሹሎ ነው እንበል። ከጓሮው እንሰት አለ፤ ሐይቁም ሩቅ አይደለም። እናት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ዋሳ ትጋግራለች። የ4 ዓመት ልጇ በኩባያ ውኃ ይዞ ሲመጣ ማንም ሳይነካው፣ ምንም ሳያደናቅፈው ባለበት ዝርፍጥ ይላል። ግንባሩ ከወለሉ ይጋጫል። እናት «ውይ ልጄን!» ብላ ከመነሣቷ በፊት ልጁ ራሱ ተነሥቷል። አልተንቀጠቀጠም፤ አረፋ አልደፈቀም፤ ምላሱንም አልነከሰም። «ምን ሆንህ?» ሲሉት የሚመልሰው የለውም።

አባት ይህን ሲሰማ «እያየህ አትራመድም እንዴ?» ብሎ ይቆጣዋል። በማግስቱ ልጁ እንደገና ይወድቃል። ወር ሳይሞላ በግንባሩ ላይ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደራረባል። አንዱ ጎረቤት «ዓይን ነው» ይላል፤ ሌላው «ለክፎት ነው» ይላል። በመጨረሻ ልጁን ይዘው ወደ ጸሎት ይሄዳሉ። በሰው ሁሉ ፊት አቁመውት «ልቀቀው!» እየተባለ ይጮኽበታል። ልጁ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በውስጡ የሚያስፈራ ነገር እንዳለ ያምናል፤ እኩዮቹም አብረውት መጫወት ይፈራሉ።

ይህ ቤት ምሳሌ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቤት የማያውቅ ከመካከላችን ስንቱ ነው?

ልጁን ያገኘው ምንድን ነው?

ቆመን የምንሄደው፣ አንገታችንም ቀጥ ብሎ የሚቆየው ጡንቻዎቻችን ሳናስበው ሁልጊዜ ጥቂት ስለሚወጠሩ ነው። ይህን የሚያዝዘው አንጎል ነው። የአንጎል ሴሎች እርስ በርስ የሚነጋገሩት በጥቃቅን የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ይህ መልእክት በድንገት ሥርዓቱን ሲያጣና ነገሩ እየተመላለሰ ሲመጣ የሚጥል በሽታ ይባላል። መዛባቱ ጡንቻዎች እንዲኮማተሩ ሲያደርግ ሰውየው ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል። የጡንቻዎችን ውጥረት በአንድ አፍታ ሲያቋርጥ ደግሞ ሰውነት እንደ ጨርቅ ይዝላል። ሐኪሞች ይህን ሁለተኛውን «አቶኒክ» ይሉታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ውጥረት የሌለው እንደ ማለት ነው።

ይህ መዛል የሚቆየው ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከ15 ሰከንድ የሚያልፈው እጅግ ጥቂቱ ነው። አንዳንዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ አይወድቅም። አንገቱ ብቻ ወደ ደረቱ ዘንበል ይላል፤ ወይም ጉልበቱ ሸብረክ ይላል፤ ወይም የያዘው ማንኪያ ከእጁ ያመልጣል። በቀን አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሊሆን ይችላል። አጭር በመሆኑ ሰዎች እንቅልፍ፣ ቅብጠት ወይም ስንፍና ይሉታል። ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። ተደናቅፎ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ፊቱን ይከላከላል። ይህ ልጅ እጁም አብሮ ስለሚዝል በግንባሩ፣ በአፍንጫውና በጥርሱ ይወድቃል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የወደቀ ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። በረኀብ፣ በሙቀት ወይም በደም ማነስ ራሱን የሚስት አለ። የልብ ሕመም የሚጥለውም አለ። ጡንቻን በድንገት ከማዛል ይልቅ ሰውነትን አገትሮ እንደ ግንድ የሚጥል ሌላ የሚጥል በሽታ ዓይነትም አለ። ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ በጊዜ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

ሁለት ስሞች

በልጆች ላይ ይህን አወዳደቅ ከሚያመጡት መካከል ሐኪም ቤት ስትሄዱ ልትሰሟቸው የምትችሉ ሁለት ስሞች አሉ። አንደኛው ሌኖክስ ጋስቶ ይባላል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ ልጁ ከአንድ በላይ የአወዳደቅ ዓይነት ይታይበታል፤ ትምህርት የመቀበል ችሎታውም ይዘገያል። ሁለተኛው ዱስ የሚባለው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጤናማ ሆኖ ያደገ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ድንገት ብርግግ ብሎ ይዝላል። በዚህ ሁለተኛው ዓይነት ከተያዙት ልጆች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ይለቃቸዋል።

የመጀመሪያው በሽታ ስሙን ካገኘባቸው ሁለት ሐኪሞች አንዱ አሜሪካዊው ዶክተር ዊልያም ሌኖክስ ነው (1884–1960 እ.ኤ.አ.)። ይህ ሰው በሕክምና ሚሲዮናዊነት በቻይና ያገለገለ ሲሆን፣ ስለዚህ በሽታ ማጥናት እንዲጀምር ልቡን የነካው የአንድ ሚሲዮናዊ ወዳጁ ሴት ልጅ መታመም ነው። ልብ በሉ፤ የታመመችው ልጅ የወንጌል አገልጋይ ልጅ ነበረች። በሽታው የአማኝ ቤት፣ የአገልጋይ ቤት ብሎ አይለይም። ሌኖክስም የቤቱን መንፈሳዊነት ከመመርመር ይልቅ የሕፃናትን አንጎል ወደ መመርመር ሄደ፤ ቀሪ ዕድሜውንም ለዚህ ሰጠ።

ምክንያቱስ? በወሊድ ጊዜ አየር ማጣት፣ የማጅራት ገትር፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የአንጎል አፈጣጠር ችግርና በዘር ቅንጣት ላይ የሚከሰት ለውጥ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። በብዙ ሕፃናት ላይ ደግሞ ተመርምሮም ምክንያቱ አይገኝም። ከእነዚህ አንዳንዶቹን ግን መከላከል ይቻላል። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ለክትትል የሚወስድና ወሊዷ በጤና ተቋም እንዲሆን የሚያደርግ ባል ገና ላልተወለደው ልጁ አንጎል ጥበቃ ያደርጋል። ቡሹሎ ላይ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር ሆኖ እናቶችንና ሕፃናትን ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል የኖረው ጤና ጣቢያም ለአካባቢው ያለው ጥቅም ከዚህ አንጻር መታየት አለበት።

በእኛ አገር ምን ያህል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነው የፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና የባልደረቦቻቸው ጥናት በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ቤት ለቤት ከ60,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ከ1,000 ሰዎች 5.2 የሚሆኑት የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኘ። ዘመናዊ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ በምናልፈው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በዘይ ማኅበረሰብ መካከል የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት ደግሞ ከ1,000 ሰዎች 29.5 አግኝቷል። እነዚህ ቁጥሮች የሚጥል በሽታን በጠቅላላው የሚመለከቱ ናቸው፤ ዛሬ የምንነጋገርበት ጸጥተኛው ዓይነት ከዚህ ውስጥ ትንሹ ክፍል ነው።

አሁን ይህን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን እናምጣው። በዝቅተኛው ቁጥር ብንሄድ እንኳ 1,000 ምእመናን ባሉበት ጉባኤ ውስጥ አምስት ያህል ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው። የት ናቸው? አንዳንዶቹ በኋላ ወንበር ተደብቀው ተቀምጠዋል። አንዳንዶቹ እንዳያሳፍሩን ተብለው ቤት ቀርተዋል። ሕፃናቱ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት አይመጡም።

ለዚህ መደበቅ ምክንያቱ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ሌላ ጥናት በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን አመለካከት ጠይቆ ነበር። ብዙዎች በሽታው ከክፉ መንፈስ ነው፣ በንክኪም ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር። ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተትም የተለመደ ነበር። ዛሬም ይህን የምናይ ስንቶች ነን? እንግዲህ በግልጽ እንናገር። የሚጥል በሽታ አይተላለፍም፤ በምራቅም፣ በትንፋሽም፣ በልብስም አይጋባም። የክብሪት ጭስም አያድነውም። በፍርሃት የሸሸንበት ሰዓት ግን ሕፃኑ እሳት ውስጥ የሚወድቅበት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ የማርቆስ 9 ታሪክስ?»

ይህን ጥያቄ የምታነሡ ወገኖች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በማርቆስ 9፥14-29 ላይ ስለተጻፈው፣ እሳትና ውኃ ውስጥ እየወደቀ አባቱን ስላስጨነቀው ልጅ ሁላችንም አንብበናል። ቃሉ በዚያ ልጅ ላይ ርኩስ መንፈስ እንደነበረ ይናገራል፤ እኛም ይህን አንክድም። ነገር ግን ያ ምንባብ የሚወድቅ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው አይልም። ማቴዎስ 4፥24ን አውጡና አንብቡ። ወደ ጌታ የቀረቡት ሕሙማን ሲዘረዘሩ አጋንንት ያደረባቸው አንድ ወገን ሆነው ተጽፈዋል፤ በጨረቃ የሚነሣባቸው ተብለው የተጠሩት፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ ሌላ ወገን ሆነው ተጽፈዋል። ወንጌል ጸሐፊው የለያቸውን እኛ ለምን እናቀላቅላለን?

በዚያው በማርቆስ 9 ሌላም ልብ የሚነካ ነገር አለ። ጌታ አባትየውን ልጁ ይህ ነገር ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይጠይቀዋል። ጥሩ ሐኪምም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጌታ አባትን ለመስማት ጊዜ ከወሰደ፣ እኛ ደግሞ እናትን ሳንሰማ ወደ ጩኸት ለምን እንቸኩላለን?

ሕዝቅያስንም አስቡ (2ኛ ነገሥት 20)። እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው አስቀድሞ ተናግሮለት ነበር፤ ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ጸሎቱና በለሱ አልተጣሉም። የጳውሎስ የአገልግሎት ባልንጀራ ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላስይስ 4፥14)። ስለዚህ ለታመመው ልጅ እንጸልይ፤ እጃችንንም እንጫንለት። ግን ሲጸለይለት እንደ ታመመ ልጅ ይጸለይለት፤ እንደ ክፉ መንፈስ ማደሪያ አይጮኽበት። ከጸሎቱም በኋላ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ «ነገ ወደ ሐኪም አብረን እንሂድ» ይበል።

የመድኃኒት ነገር

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ተገቢ መድኃኒት ቢያገኙ መውደቁ ሊቆምላቸው ይችላል። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የሚገኘው ፌኖባርቢታል ዛሬም በአገራችን ብዙ ሰዎችን እየረዳ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምንነጋገርበት ጡንቻን የሚያዝለው ዓይነት ከአስቸጋሪዎቹ የሚመደብ መሆኑን ሳንደብቅ መናገር አለብን። ብዙ ጊዜ በአንድ መድኃኒት ብቻ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። ሐኪሞች ለዚህ ዓይነት በብዛት የሚመርጡት ሶዲየም ቫልፕሮኤትን ነው፤ እንደ ሁኔታው ላሞትሪጂን ወይም ሌላ ይጨምሩበታል። በአንጻሩ ለሌላው ዓይነት በጣም የሚጠቅሙት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን በዚህኛው ላይ መውደቁን ሊያብሱት ይችላሉ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የጎረቤትን መድኃኒት ተውሶ ለልጅ መስጠት አደገኛ ነው። «የእኔን ልጅ አድኖታል» ማለት የእናንተን ያድናል ማለት አይደለም። ልጁ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ መውደቁ ከበዛበት ደግሞ ተስፋ ቆርጣችሁ በቤታችሁ አትቀመጡ፤ ተመልሳችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ሐኪሙ በትክክል እንዲያውቅ የምትረዱት እናንተ ናችሁ። ልጁ በሐኪሙ ፊት ላይወድቅ ይችላል። ስለዚህ መውደቁ በሚበዛበት ሰዓት በሞባይል ስልክ ቅረጹት። የወደቀበትን ቀንና ሰዓት በደብተር ጻፉ። ከወደቀ በኋላ ወዲያው ተነሣ ወይስ ደነዘዘ? አንገቱ ብቻ ነው ወይስ መላ አካሉ? የሚለውንም አስፍሩ። መጀመሪያ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቡሹሎና በአካባቢዋ ላሉ፣ ነገሩ ከጤና ጣቢያ አቅም በላይ ከሆነ በሪፈር የሚላኩበት የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በከተማዋ አለ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚመዘግበው ኢኢጂ የተባለው ምርመራ ከታዘዘላችሁ አትፍሩት፤ አያምም፤ ወደ አንጎልም ምንም ነገር አያስገባም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ሁለት ወር ሳይወድቅ ይቆያል። ቤተሰቡ ይደሰታል፤ በመድረክ ላይ ምስክርነት ይሰጣል። ከዚያም አንድ ሰው «ከተፈወሰ መድኃኒቱ ለምን ያስፈልጋል? እምነታችሁ የት አለ?» ይላል። ክኒኑ ይጣላል። ወገኖቼ፣ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ በርትቶ ሊመለስ፣ ያለማቋረጥም ሊጥል ይችላል፤ ይህም ሕይወት ያጠፋል። መድኃኒት የሚቀነሰውም የሚቆመውም ሐኪም በሚያዝዘው መጠን ቀስ በቀስ ነው። እግዚአብሔር ፈውሶ ከሆነ ፈውሱ በሐኪም ቢመረመር አይጠፋም። መጋቢዎችና አገልጋዮች ሆይ፣ «መድኃኒቱን ጣሉ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአንደበታችሁ እንዳትወጣ አደራ።

ጾምና አዳር ጸሎትም እንዲሁ ማስተዋል ይፈልጋሉ። እንቅልፍ ማጣት መውደቅን ከሚቀሰቅሱት ዋነኞቹ አንዱ ነው፤ የአንድ ቀን ክኒን መዝለልም እንዲሁ። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ሌሊቱን እንዲያድር አትገፋፉት፤ ክኒኑንም ለጾም ብሎ እንዳያሳልፍ ምከሩት። በቤቱ ተኝቶ ያደረው ወንድማችሁ ከእናንተ ያነሰ አልጸለየም።

በቤታችሁ ዛሬ የሚደረግ

መዛሉ በሰከንድ ውስጥ ስለሚያበቃ፣ ልጁ ሲወድቅ የምታደርጉት ብዙ ነገር የለም። ዋናው ሥራ ከመውደቁ በፊት ያለው ነው።

እሳቱን ከልጁ አርቁ። በብዙ ቤቶቻችን ሦስት ጉልቻ መሬት ላይ ነው፤ ከተቻለ ምድጃውን ከፍ አድርጉት፤ ካልተቻለም ዙሪያውን በጭቃ ወይም በእንጨት አጥሩት። የፈላ ቡናና ወጥ ልጁ በሚያልፍበት አታስቀምጡ።

ውኃን ተጠንቀቁ። የሐይቅ ዳር ነዋሪዎች ልጆች ለመዋኘት፣ ልብስ ለማጠብ፣ ዓሣ ለማየት መውረዳቸው የታወቀ ነው። ይህ ልጅ ግን ያለ አዋቂ ወደ ሐይቅ አይውረድ። በቤትም ቢሆን ከመታጠቢያው አጠገብ አትለዩት፤ ትንሽ ውኃ እንኳ በፊቱ ለወደቀ ልጅ ይበቃዋል።

ራሱን ጠብቁለት። ብዙ የሚወድቅ ልጅ ሄልሜት ቢያደርግ ይረዳዋል። ከሌለ ወፍራም የሱፍ ኮፍያ ጥቂትም ቢሆን ይጠቅማል። መደገፊያ ባለው ወንበር ይቀመጥ። ከፍ ያለ አልጋ ላይ አይተኛ። ባጃጅ ስትሳፈሩ መካከል ይሁን።

ለመምህሩ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪውም ንገሩ። በሽታውን ደብቃችሁ ልጁን ብትልኩት ሲወድቅ የሚያነሣው ሰው ይደነግጣል፤ ብትነግሩት ግን ይዘጋጃል።

አንዳንዴ ልጁ ከመዛሉ ሌላ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ያን ጊዜ በጎኑ አስተኙት፤ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ፤ አትያዙት፤ ክብሪት አታሽትቱት። መንቀጥቀጡ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ሌላ ከተከተለ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ራሱን ከተመታ በኋላ ካስመለሰው ወይም ከደነዘዘም እንዲሁ አድርጉ።

ለባልና ለሚስት

ልጅ ሲታመም የሚታመመው ትዳርም ነው። «ከእናንተ ቤት የመጣ ነው»፣ «የለም፣ ከእናንተ ነው» የሚለው ክርክር ስንቱን ቤት አፍርሷል! ብዙውን ጊዜ በሽታው ከማንም አልመጣም፤ ምክንያቱ በዘር ቅንጣት ላይ ቢሆን እንኳ ማንም መርጦ አላወረሰውም። አባቶች፣ ልጁን ይዞ ሐኪም ቤት መመላለስን ለእናት ብቻ አትተዉ። እናት ሌሊት ተነሥታ ስታየው፣ ቀን ከዓይኗ ሳትለየው ትውላለች፤ ሳምንት ሙሉ ደክማለች። በሳምንት አንድ ከሰዓት «ዛሬ ልጁን እኔ እጠብቃለሁ፤ አንቺ እረፊ» የሚል ባል ከስብከት የሚበልጥ ይሰብካል። ጤነኞቹን ልጆችም አትርሱ፤ እነርሱም የእናታቸውን ፊት ይናፍቃሉ።

ሕመሙ ያለባችሁ እጮኛሞች ሆይ፣ ከሠርጉ በፊት ተነጋገሩ። የተደበቀ በሽታ ከጋብቻ በኋላ ሲገለጥ ከሕመሙ በላይ የሚጎዳው መታለሉ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ማግባትም መውለድም ይችላል። በሽታው ካለባቸው ወላጆች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ90 በላይ የሚሆኑት ይህ ሕመም አይኖርባቸውም።

እኅቶች ግን ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ፅንስን ይጎዳል፤ ከ100 ሕፃናት 10 ገደማ የሚሆኑት የአካል ጉድለት ይዘው ይወለዳሉ፤ የአእምሮ እድገታቸው የሚጎዳም ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ለማርገዝ ከማሰባችሁ በፊት ከሐኪም ጋር ተማከሩ፤ ፎሊክ አሲድም ጀምሩ። አስቀድማችሁ አርግዛችሁ ከሆነ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቁሙ፤ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሴት ልጃችሁ ይህን መድኃኒት እየወሰደች ካደገችም ለአቅመ ሔዋን ሳትደርስ ጉዳዩን አንሡት። ሁለተኛ፣ ፌኖባርቢታል፣ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን በየቀኑ የሚዋጠውን እንክብልና በክንድ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማሉ። የሦስት ወር መርፌና ሉፕ ግን በእነርሱ ብዙም አይነኩም። ለቤተሰብ ምጣኔ ስትሄዱ የምትወስዱትን መድኃኒት መናገር አትርሱ።

ሳይፈወስ ለሚያድገው ልጅ

ከላይ እንዳልነው ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ይድናሉ፤ አንዳንዶቹ መውደቃቸው ይቀንሳል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በሽታውን ይዘው ያድጋሉ። የሦስተኞቹ ወላጆች ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ቦታ ቤተ ክርስቲያን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ያልተፈወሰ ልጅ እምነት ያጣ ቤት ምልክት አይደለም። «ንስሓ ያልገባችሁበት ነገር ይኖር ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የደከመውን ያደክማል። በምትኩ ስንጠይቅ «የመድኃኒቱ ብር ሞልቶላችኋል? የቀጠሮው ቀን መቼ ነው? ልጁን እሑድ እኔ ልያዝላችሁ?» እንበል።

በአገራችን በእናት የውነቱ የተመሠረተው ኬር ኤፒለፕሲ ኢትዮጵያ የተባለው ማኅበር ስለዚህ ሕመም ሕዝብን ሲያስተምርና ከታማሚዎች ጎን ሲቆም ቆይቷል። የዓለም መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2022 በጄኔቫ ለቀጣዮቹ ዓመታት የሚጥል በሽታን የሚመለከት የጋራ ዕቅድ አጽድቀዋል። መንግሥትና ማኅበራት የድርሻቸውን ይሥሩ። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ድርሻ ደግሞ በጀትም ሥልጠናም ብዙ አይጠይቅም። የሴቶች ኅብረት ተራ ገብቶ አንዲት እናት እንድታርፍ ማድረግ ይችላል። የወጣቶች ኅብረት ለአንድ ልጅ ሄልሜት መግዛት ይችላል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ያን ልጅ ከሌሎቹ ጋር ማስቀመጥ ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው እሑድ ጉባኤ ስትገቡ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ የተደራረበበት ልጅ ካያችሁ ወላጆቹን ለብቻቸው ጠርታችሁ በፍቅር አነጋግሯቸው፤ ሐኪም አይቶት እንደሆነም ጠይቁ። ካላየው የቀጠሮውን ቀን አብራችሁ ቁረጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።